ከመስኩ ያነሳኋቸው ሰባት ጣሳዎች

ያን ቀን ጠዋት የዘይት ጣሳ እያጠብኩ ነበር። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ ግማሽ በርሜል ውሃ አለኝ፣ የአሸዋ ክምር አለኝ፣ የጣሳ ክምር አለኝ። ጣሳውን በአሸዋ ፈትጎ ቅባቱን ማስለቀቅ፣ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን በመዶሻ መደብደብ፣ ከዚያ ትልቁን ለብቻ ትንሹን ለብቻ መደርደር፣ ሥራዬ ይኸው ነበር። እኛ ሰፈር ጣሳ አይጣልም። የቲማቲሙ ኩባያ ይሆናል፣ የወተት ዱቄቱ ኩራዝ ይሆናል፣ የዘይቱ መስፈሪያ ይሆናል። የወደቀ ጣሳ አይቶ ያለፈ የምናለሽ ሰው እኔ አላውቅም። ዓይን ሳያይ እጅ ያነሳዋል።

የቀበሌው ሰው ወረቀት ይዞ መጣ።

«ጥሩነሽ፣ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጓዝሽን ይዘሽ ቀበሌ።»

«ወዴት ነው?»

«ግንባር። ስንቅ ክፍል ነሽ። ትቀቅያለሽ፣ ትሸከሚያለሽ።»

«ልጅ አለኝ እኮ።»

«ልጅ የሌለው ማን አለ» አለና ወደሚቀጥለው ደጃፍ ሄደ።

ያኔ እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። እምቢ ያለ ሰው አድሃሪ ነው፣ አድሃሪ ደግሞ የት እንደሚገባ እናውቃለን። የእናትሽ አባት ጥሎን ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እሷ አራት ዓመቷ ነው። ወስጄ ለእትዬ ዘይነባ ሰጠኋት። ጎረቤታችን ናቸው፣ የወሎ ሰው፣ አንድ ግቢ ነን፣ በመሀላችን ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ሲያስሉ እሰማለሁ። «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አሉኝ። የሳቸውም ልጅ፣ ሰዒድ፣ ያንኑ ዕለት ተጠርቷል። ሰዒድ ጣሳ ቀጥቃጭ ነው፣ እኔ ያጠብኩትን እሱ ኩራዝ ያደርገዋል። ሃያ ስድስት ቢሆነው ነው። አባቱ ጋሼ ይማም፣ «ሁለታችሁም ከሄዳችሁ ማን ያጥባል፣ ማን ይቀጠቅጣል?» አሉ፣ ለማሳቅ ያህል። ማንም አልሳቀም።

ሦስት ቀን በጭነት መኪና ወደ ምሥራቅ ሄድን። ትልቅ ተራራ ሥር አወረዱን። እኛ ስንቅ ጓድ ነን፣ አሥራ ሁለት ሰው፣ ሦስታችን ሴት። አዛዣችን ሃምሳ አለቃ ነው፣ ስሙን ተዪው፣ ቤተሰብ ይኖረው ይሆናል። ከላይ የኛ ሻምበል የመሸገበት ጉብታ አለ። አገሬው የሚጠራበት ስም አለው፣ እኛ ግን ቅርጹን አይተን በርጩማው እንለዋለን። እነሱ ይዋጋሉ፣ እኛ ኮቾሮና ጥይት ወደ ላይ፣ ቁስለኛ ወደ ታች። ኮቾሮ ያው የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው፣ ጥርስ ይሰብራል። እኔ ጠመንጃ አልተኮስኩም። ሰው አልገደልኩም ብዬ ግን አልምልልሽም፣ ላስጽፍሽ የፈለግኩትም ለዚህ ነው። ለእናትሽ ነግሬያት አላውቅም።

ሁለት ወር በጥርጊያ መንገዱ ስንወጣ ቆየን። ጥርጊያው ገላጣ ነው። መድፍ ያየናል። አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ መቱን። አንድ ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሃምሳ አለቃው ቀሰቀሰንና፣ «ዛሬ በጅረቱ ነው የምንወጣው» አለ። «ጫካ ነው፣ አይታይም። አትናገሩ፣ አትሳሉ፣ ከመስመር አትውጡ።»

ኮቾሮውን አዘልኩ፣ ትንሿን ኬሻዬን ብብቴ ሥር ያዝኩ። ሰዒድ የጥይት ሣጥን ተሸከመ። እግሬ ላይ እዚሁ መርካቶ የተሠራ የጎማ በረባሶ ነው ያለው። ጅረቱን ዘጠኝ ጊዜ ተሻገርነው፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ፣ መንገዱ ራሱ መቀመጫ ያጣ ሰው ይመስላል። ውሃው አጥንት ይበላል። በረባሶው ድንጋዩ ላይ ይሸራተታል፣ ብወድቅ ኮቾሮው ይበሰብሳል፣ ኮቾሮው ከበሰበሰ ላይኞቹ ይራባሉ፣ ይሄን ይሄን ሳስብ ዓይኔ ከእግሬ አልተነሳም። ጥዱ ሰማይ ይነካል። ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ያለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ሁላችንም ጎንበስ እንላለን፣ ተኩስ መስሎን። እኔ ዝምታ አልለመድኩም። መርካቶ ዝም ካለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ዝም ብሎ ውሃው ብቻ ነው የሚያወራው። ልቤ አላርፍ አለ።

ሰዒድ ከፊቴ ነው። ቀስ ብሎ ዞረና፣ «ጥሩዬ፣ ይሄ ሁሉ ዛፍ መርካቶ ቢገባ?» አለኝ።

«ዝም በል።»

«አጣና ተራ ጠቅላላ ይዘጋ ነበር። ሰዉ የሚረግጥበት አያገኝም።»

«ሰዒድ፣ በእናትህ።»

«እሷማ ብታይ ኖሮ መጀመሪያ ማገዶውን ነው የምትለቅመው።»

ሁለት ሰዓት ላይ ጫካው አለቀና መስክ ላይ ወጣን። እኔ እንደዚያ ያለ መስክ አይቼ አላውቅም። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ቢጫ አበባ አለው፣ መሀል መሀሉ ላይ ቁጥቋጦ። በግራ ጅረቱ ገደል ውስጥ ይገባል፣ በዚያ በኩል አይኬድም። በቀኝ ያለው ጫካ የጠላት ነው። ማለፊያው መስኩ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ቀጭን ወታደር፣ ፈንጂ ከሚያነሱት ከመሐንዲሶቹ ወገን፣ ቆሞ ጠበቀን። «መስኩ ፈንጂ አለበት። መንገድ አውጥተናል። አንድ በአንድ፣ የፊተኛው የረገጠውን ብቻ ርገጡ። ተከተሉኝ።» ሌላ አላለም። እሱ ራሱ እየመራን ስለሆነ ሌላ ማለት አላስፈለገውም።

እኔ የመጨረሻ ነበርኩ። ከኋላዬ ማንም የለም።

ቁጥቋጦው ላይ ጣሳ አለ። በሽቦ ታስሯል። የወታደር ነው፣ በልተው ሰቅለውት ነው ብዬ ይሆናል፣ እንጃ። ለምን አነሳሽው ካልሽኝ፣ እጄ ነው ያነሳው። ሽቦውን ፈታሁ፣ ኬሻዬ ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ሄድን፣ ሌላ። አነሳሁ። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ዓይኔ ጣሳው ላይ አልነበረም፣ መስኩን ነበር የማየው። እናትሽ እዚህ ብትሮጥ እያልኩ። እሷ ሣር የምታውቀው ለበዓል ቤት ሲጎዘጎዝ ነው። ወደ ላይ እየወጣን ስንሄድ ነው ልብ ያልኩት፣ አንዱ እሾህ ላይ፣ አንዱ የተሰበረ ወይራ ላይ፣ እንዲያ እያለ። ሰባት አነሳሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እጄ ስላልደረሰ ተውኳቸው። ለረጅም ዓመት፣ ለቁስለኛ ውሃ ማጠጫ ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ውሸት ነው። ለመርካቶ ነው ያነሳሁት።

አራት ሰዓት ላይ በርጩማው ደረስን። ጭነቱን አወረድን። ስድስት ሰዓት ላይ ጠላት መጣ።

ስለ ውጊያው ብዙ የምለው የለኝም። ምሽግ ውስጥ ነበርን። መድፍ መታን። ከዚያ ቆመ። ከዚያ በሁለት በኩል ወጡ። የኛዎቹ ተኮሱ። ሃምሳ አለቃው «ጥይት» ይላል፣ እኛ ሣጥን እንስባለን። «ጥይት» ይላል፣ እንስባለን። ጀርባዬ ላይ አፈር ወደቀ፣ አንድ ሰው ደግሞ ወደቀብኝ፣ ላነሳው ስል ነው መሞቱን ያወቅኩት። ሰባት ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። እንደ ባቄላ ያለ በረዶ። ሁለቱም ወገን ራሱን ሸፈነ፣ ተኩሱ ላላ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ መጡበት ተመለሱ። በርጩማው የኛ ሆኖ ቀረ።

አሥር ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ቃሬዛ ወረደ። ሰዒድ፣ በቀለ፣ ጀማል፣ ሌላ አንድ ዝምተኛ ሰው፣ አራት ሆነው ሆዱን የተመታ ልጅ ይዘው ሄዱ። እኔ ቁስለኛ ውሃ እያጠጣሁ ነው። አጠገቤ ያ መሐንዲስ ለሁለተኛው ቃሬዛ ሰዎች ይናገራል።

«ለፊተኞቹም ነግሬያለሁ። እኔ እዚህ እፈለጋለሁ፣ አልመራችሁም። መስኩ ላይ ስትደርሱ ከጣሳ ጣሳ ነው የምትሄዱት። አንዱ ጣሳ ጋ ቆማችሁ ቀጣዩን ሳታዩ እግራችሁን እንዳታነሱ። ዘጠኝ ጣሳ ነው።»

ኬሻው ብብቴ ሥር ነው።

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ያኔ የዚህ ዓይነት ነገር ስህተት አይባልም፣ አሻጥር ነው የሚባለው። አሻጥረኛ እዚያው ነው እርምጃ የሚወሰድበት፣ አይቻለሁ። እናትሽ ታየችኝ። ምን ያህል ጊዜ ዝም አልሽ ብትይኝ፣ ያ ቁስለኛ አንድ ኮዳ ውሃ ጠጥቶ እስኪጨርስ ያህል ነው። ኮዳውን ከእጁ ተቀበልኩ። ከዚያ ኬሻዬን ይዤ ለማንም ሳልናገር ወደ ታች ሮጥኩ።

ጠዋት አራት ሰዓት ድረስ የወጣሁትን መንገድ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። በረዶው መሬቱን አንሸራታች አድርጎታል። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። አንዱ በረባሶዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። መጮህ አልችልም፣ በቀኝ ያለው ጫካ ይሰማል። ኬሻው ውስጥ ጣሳው ይንኳኳል፣ ደረቴ ላይ አቅፌ ያዝኩት። እየሮጥኩ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፣ ቁሙ፣ ቁሙ፣ ቁሙ። በአፌ አይደለም።

ቆመው አገኘኋቸው። በላይ በኩል የተውኳቸውን ሁለት ጣሳዎች አልፈው፣ ሁለተኛው ጋ ቃሬዛውን አስቀምጠው ቆመዋል። በረዶው ሣሩን ጠቅላላ ደፍቶታል። የጠዋቱ ዱካችን የለም። መስኩ አንድ ዓይነት ሆኗል። ከጣሳ ጣሳ ሄጄ ደረስኩባቸው።

በቀለ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለ። «ጣሳ የለም። ዘጠኝ ነው ብሎን ሁለት ብቻ ነው ያለው።»

ኬሻውን ከፍቼ አሳየኋቸው።

በቀለ ኬሻውን አየ፣ እኔን አየ። «ሰው ነሽ ግን አንቺ?» አለኝ። ጀማል ፊቱን አዞረ። ሰዒድ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጣሳ አነሳ፣ ከሥሩ አንኳኳው፣ እንደ ድሮው።

«ጥሩ ጣሳ ነው» አለ።

«ሰዒድ።»

«እኔ ከፊትሽ ሆኜ ስላላየሁት ነው እንጂ እኔም ነበርኩ የማነሳው። በቀለ፣ ጣሳውን በረዶ ነው የጣለው። ሰምተሃል?»

በቀለ ዞሮ መስኩን አየ።

«በረዶ ነው።»

«እሺ፣ በረዶ ነው» አለ በቀለ። «አሁን በየት እንሂድ?»

ቃሬዛው ላይ ያለው ልጅ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ምን ቆማችሁ ትማከራላችሁ፣ እየደማሁ እኮ ነው» አለ።

ከላይኛው ጀመርኩ። የወተት ዱቄቱ ከእሾኹ ላይ ነው፣ ሄጄ መልሼ ሰቀልኩት። እነሱ ተከተሉኝ። ቀጣዩ የተሰበረው ወይራ ላይ ነው። ሰቀልኩት። ጣሳ ሳይ የት እንዳነሳሁት ይመጣልኛል፣ ይሄን ሥራዬ ነው ያስተማረኝ፣ የቱ ጣሳ ከየትኛው ቤት እንደመጣ ሳልጽፍ አውቃለሁ፣ መጻፍም አልችልም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ሽቦውን መልሼ አስራለሁ፣ ከኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ቃሬዛ አለ። ከታች ያለው ጫካ ቀረበ። ጥዶቹን አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።

ሁለት ጣሳ ቀረኝ፣ አንዱ የዘይት፣ አንዱ የቲማቲም።

«ቀጥይ» አለ ሰዒድ።

«አላስታውስም።»

«ረጋ በይ። የቱ ቁጥቋጦ ነው?»

«አላየሁትም። ስገባ መስኩን ነበር የማየው።»

ዙሪያዬን አየሁ። ቁጥቋጦው ሁሉ አንድ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሁለቱን ጣሳ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ልል እልና እተዋለሁ፣ ወደ ቀኝ ልል እልና እተዋለሁ። በቀለ «እዚሁ እንደር» አለ። ጀማል ልጁን አይቶ «አያድርም» አለ።

ሰዒድ ከቁጥቋጦ ላይ ረዥም እንጨት ሰበረ። «ጥሩዬ፣ ቃሬዛውን በኔ በኩል ያዢ።»

«እኔ ልሂድ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

«አንቺ ልጅ አለሽ» አለ። ቆጣ ብሎ አይደለም፣ ዕቃ አንሺ እንደሚል ሰው ነው ያለው። «ያዢ አልኩሽ።»

ያዝኩ። ይሄን ነው ማስጻፍ የሚከብደኝ። ክርክር ውስጥ አልገባሁም። ሁለተኛ አላልኩትም። ያዝኩ።

እንጨቱን ሣሩ ውስጥ እየወጋ ሄደ። አሥራ አራት እርምጃ ሄደ፣ ቆጥሬያለሁ። በአሥራ አራተኛው ዞር ብሎ አየንና «በዚህ በኩል» ሊል እጁን ወደ ቀኝ አነሳ።

ድምፁ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም።

ጀማል «ወደ ቀኙ በሉ፣ እሱ በሄደበት ሂዱና ከሱ ወደ ቀኝ» አለ። በሱ እርምጃ ሄድን፣ አሥራ ሦስት ድረስ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ጫካው ውስጥ ገባን። የዘይቱን ጣሳ ወደ ቀኝ የታጠፍንበት ቦታ ላይ፣ የቲማቲሙን ጫፉ ላይ ሰቅዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ቃሬዛ በዚያ በኩል በሰላም ወረደ፣ ሦስተኛውም። ሆዱን የተመታው ልጅ ተርፏል ብለውኛል። ስሙን አልጠየቅኩም።

ሃምሳ አለቃው ያንኑ ማታ ጠየቀን። በቀለ «በረዶው ጣሳውን ጥሎት ነው» አለ። ሃምሳ አለቃው እኔን አየኝ፣ እግሬን አየ፣ አንዱ ባዶ ነው። «በረዶ» አለና ጻፈ። በበነጋታው ሰዒድን ከመስኩ ጫፍ ቀበርነው። ጀማል ሊቀራበት የሚገባውን ቁርኣን ቀራበት። ድንጋይ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከሻምበሉ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ከኛ ጓድ ሰዒድ ብቻ ነው። በቀለ ከወር በኋላ ጥርጊያው ላይ ሞተ፣ ጀማል ታሞ ተመለሰ፣ ከዚያ የት እንደደረሰ አልሰማሁም። ዝምተኛውም ሰው ሞተ፣ ሃምሳ አለቃውም። አሥራ ሁለት ሆነን ሄደን አምስት ነን የተመለስን። ሰዉ ጦር ሜዳ የነበረን ሰው ሲያይ ስለ መድፍ ይጠይቃል። እኔ መድፉን ረስቼዋለሁ። ያ ቁስለኛ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮው ሲወርድ ሲወጣ ግን ዛሬም አየዋለሁ። ቀስ ብሎ ነበር የሚጠጣው።

ከስምንት ወር በኋላ ተመልሼ መሳለሚያ ከመኪና ወረድኩ። እናትሽ አላወቀችኝም። እትዬ ዘይነባን ነው «እማ» የምትለው። ለሳቸው ቀበሌው ነግሯቸዋል፣ ለእናት አገሩ ሲል ወደቀ ብሎ። ጋሼ ይማም ዓመት ሳይሞላ አሥር ዓመት አርጅተዋል፣ መጥተው አቅፈውኝ «እሱ ባይመለስ አንቺ መጣሽ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። አንድ ሳምንት እንቅልፍ የለኝም። ምናለሽ ተራ ሄጄ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ተክለ ሃይማኖት ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። በጭቃው ግድግዳ በኩል ሲያስሉ ስሰማ እነሳና በር ላይ እቆማለሁ።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገባሁ። እትዬ ዘይነባ እናትሽን ጉልበታቸው መሀል አስቀምጠው ሹሩባ እየሠሯት ነው። ጋሼ ይማም መስጊድ ሄደዋል። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጣሳውን፣ ኮዳውን፣ ቃሬዛውን መያዜን። ሰዒድ በረዶ ነው ማለቱን። እሳቸው እጃቸውን አላቆሙም። እየጎነጎኑ ሰሙኝ፣ አንዴም አላቋረጡኝም። ሲጨርሱ ጫፉን በክር አሰሩ፣ እናትሽን ብድግ አደረጓትና «ሂጂ ውጪ ተጫወቺ» አሏት።

«ስንት እርምጃ አልሽ?»

«አሥራ አራት።»

«ከማንም ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ኧረ አልተጣላም። እስከ መጨረሻው ሲቀልድ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ለቅመው በጣታቸው ጠቀለሉት። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው አቆሙኝ።

«ልጅሽን ዛሬ ውሰጃት» አሉ። «ነገ ጠዋት ግን አምጪያት፣ ከኔ ጋር መዋል ለምዳለች። ይሄን ደግሞ ለአባቱ እንዳትነግሪው። እሱ ይቅር ይልሻል። እኔ ገና ነኝ።»